ለቤት ሰው የቀረ ምክር

ሲስተር እንጀራዋ ምላሷ ነው። ክብደት መቀነሻ መርፌ የታዘዘለት ሰው ሁሉ፣ መድኃኒቱን ይዞ ከመሄዱ በፊት መስኮት ከሌላት ጠባብ ክፍሏ ገብቶ ከፊቷ ይቀመጣል። በየሳምንቱ ቦታ እየቀያየሩ ሆድና ጭን ላይ እንዴት እንደሚወጉት፣ ፍሪጅ ውስጥ የት እንደሚያስቀምጡት ታሳያለች፤ ጥቂት ጥቂት እየበሉ ውኃ እንዲያዘወትሩ ትመክራለች። ከዚያ ዓይን ዓይናቸውን እያየች መጠየቅ ነው። ሆድዎን ያምዎታል? ሕመሙ ወደ ጀርባ ያልፋል? የሽንትዎ መልክ ተለውጧል? ምግቡ ቶሎ ያጠግብዎታል ወይስ ያስጠላዎታል?

“ልዩነቱ ምንድነው ሲስተር?” ይሏታል።

“ልዩነቱማ የሰማይና የምድር ነው” ትላለች፤ እስኪገባቸውም አትለቃቸውም። ነዝናዛ ናት ብለው ያሟታል፤ እውነታቸውን ነው።

ታላቅ እህቷ ግን ያቺ ወንበር ላይ ተቀምጣ አታውቅም።

እትዬ መጋረጃ ሰፊ ናት። ሰፈሩ ከልጅነቷ ጀምሮ “ድምቡሼ” ሲላት አብራ እየሳቀች ኖራለች፤ ማታ ማታ ትራሷን ነክሳ ስታለቅስ የሰማቻት አንድ አልጋ የተጋሩት ሲስተር ብቻ ናት። ሐኪም መርፌውን ሲያዝላት “ባለሙያዋ ከቤቴ እያለች ምን ወረፋ አስያዘኝ?” አለች። ምክሩም ማዕድ ቤት ውስጥ፣ አንዷ ሽንኩርት እየላጠች ሌላዋ ሰሃን እያጠበች፣ በቀልድ መሃል ተሰጠ።

“ሆድሽን ቆንጠጥ አድርገሽ መውጋት ነው እትዬ። መቼም የሚቆነጠጥ አላጣሽ!”

“አፍሽ ይቆረጥ!” አለች እትዬ፤ ተሳሳቁ። ጥያቄዎቹንስ ማን ያንሳቸው? እህት ታላቋን ስለ ሽንቷ መልክ ትጠይቃለች እንዴ! በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የተባለው እንዲህ ላለው ነው።

እትዬ ከሳች። መጀመሪያ ፊቷ፣ ቀጥሎ ክንዷ፤ ከዚያ የሰፏትን ቀሚሶቿን ሁሉ በመርፌ ታጠብብ ጀመር። አንድ ቀን ሲስተር ሥራ ላይ ሳለች ደወለችላት።

“አንቺ፣ ምግብ ሳይ ያንገሸግሸኛል።”

“መድኃኒቱ ነው እትዬ፤ ይለቅሻል።”

“ጀርባዬንም ወጋ ወጋ ያደርገኛል።”

“ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና ላይ አጎንብሰሽ ለምትውይው? ደሞ ጀርባሽ ምን ያድርግ!”

ይህንኑ ባዳ ቢነግራት ኖሮ፣ ስልኩን ሳትዘጋ ሐኪም ቤት ታስሮጠው ነበር። ለገዛ እህቷ ግን ትራሷን ከፍ አድርጋ እንድትተኛ መክራ ዘጋች።

ከሳምንታት በኋላ እትዬ በረንዳው ላይ ቆማ ልብስ ስታሰጣ፣ ሲስተር በፀሐይ ብርሃን ዓይኗን አየችው። ነጩ ቢጫ ሆኗል። ሲስተር ልብሱን ከእጇ ቀምታ ይዛት ወጣች። ሆስፒታል በደረሱ ማግስት ሐኪሙ ኮሪደሩ ላይ አቆማትና የእትዬ ቆሽት ላይ ዕጢ እንዳለ፣ ወደ ጉበቷም እንደተሰራጨ ነገራት። የሚቆረጥ ነገር የለም፤ ሕመሙን ማስታገስ ብቻ ነው።

“ክብደቷ በመርፌው የሚወርድ መስሏችሁ ነው እንጂ፣ የበሽታው ምልክት እኮ ነበር።”

“ቀደም ብላ መጥታ ቢሆንስ?”

ሐኪሙ ጫማውን አየ። “እንጃ። ምናልባት።”

ከዚያች “ምናልባት” በኋላ ሲስተር ሰው መሆን አቃታት። ክፍሉ ገብታ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና ጥያቄዋን ሁሉ አወረደችው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። መቼ ጀመረሽ? የት የት ያምሽ ነበር? ምግቡስ ከመቼ ወዲህ ነው ያስጠላሽ?

“ምግቡማ” አለች እትዬ፣ “መርፌውን ገና ሳልጀምር ነው።”

“ሳትጀምሪ! ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?”

“አልጠየቅሽኝማ።”

ሲስተር እጇን አፏ ላይ ጫነች። ልቅሶዋ ግን በጣቶቿ መሃል ሾልኮ ወጣ።

“ተይ እንጂ፣ የኔ እናት” አለች እትዬ በደከመ ድምፅ። “ብትጠይቂኝም እዋሽሽ ነበር። እየከሳሁ እኮ ነበር! ጎረቤቱ ሁሉ ‘አማረብሽ’ አለኝ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ።”

እውነቷን ይሁን እህቷን ከጸጸት ለመገላገል ብላ፣ ሲስተር መለየት አልቻለችም። በየቀኑ የሰው ውሸት ከፊቱ ላይ የምታነብ ሴት፣ የእህቷን ፊት እያየች ምንም አልታወቃት አለ። “እውነትሽን ነው?” ብላ ልትጠይቃት አፏን ስትከፍት፣ እትዬ ዓይኗን ጨፍና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር።