በሰልፍ የተረገጠ ጤፍ

አገሬን ለቅቄ በወጣሁበት ምሽት ታላቅ እህቴን እትዬ ብርቄን ያስጨነቃት እግሬ ነበር። ሠራዊቱ ተበትኖ፣ የሃምሳ አለቃነት ማዕረጌን እንደለበስኩ በቾ፣ ገጠር ካለው ቤቷ ገባሁ። የባሏን ኮትና ሱሪ ሰጠችኝ፣ ልብሰ ወታደሬን ጓሮ ቀበረችው። ከዚያ በደጁ ወዲያና ወዲህ አስኬደችኝና ራሷን ነቀነቀች።

«አካሄድህ ያስይዝሃል» አለችኝ። «እንደ ገበሬ ሂድ። እግርህን አታንሳው፣ ጎትተው።»

ቀጥላም እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝን ተናገረች። «ከመሰለፍ ሌላ የምታውቀው የለህም። ሰው አገር ምን ሠርተህ ልትበላ ነው?»

እግሬን እየጎተትኩ ሞያሌ ደረስኩ፣ ኬንያ ገባሁ፣ ከኬንያም ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ። ወገኖቼ፣ ምን ሠርቼ እንደበላሁ ልንገራችሁ። ታንክ መጠገን እያየሁ እንደለመድኩ ሁሉ እንግሊዝኛንም ከሬዲዮ ተማርኩ፣ አስተማሪ አልነበረኝም። መጋዘን ውስጥ ሠራሁ፣ ከዚያ ጎማው ከእኔ ቁመት የሚበልጥ ትራክ ነዳሁ፣ ፓይንሪጅ በሚባል ሰፈር ቤት ገዛሁ። ዛሬ የሳድል ሪጅን ሰፈር የሞላው አበሻ ገና ሳይመጣ፣ አውቶቡስ ውስጥ የአገሬን ሰው የመሰለኝን እየተከተልኩ የምወርድ እኔ ነበርኩ። አብዛኛው ሕንዳዊ ሆኖ ይገኝ ነበር። ብርዱንም ቻልኩት። የዚህ አገር ክረምት ክፉ ነው፤ ግን ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ ከተራራው ሲወርድ በረዶው በግማሽ ቀን ውኃ ይሆንና የበልግ ጭቃ ይሸታል።

ይህን ሁሉ በስልክ ብነግራት እትዬ ብርቄ «ደግ» ከማለት አላለፈችም። ለእሷ ሰው ማለት የዘራ ሰው ነው። ጡረታ ስወጣ እንግዲህ ጤፍ ልዘራ ነው አልኳት። ስቃ ስቃ ስታበቃ «በበረዶ ላይ?» አለችኝ። አብቅዬ ካላሳየሁሽ ወንድምሽ አይደለሁም ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ከከተማው በስተ ምሥራቅ መሬቱ ልክ እንደ በቾ ነው፣ ዓይን እስኪደክም ሜዳ፣ ባሕር ዛፍ ብቻ ይጎድለዋል። እዚያ ዎልተር የሚባል በእኔ ዕድሜ ያለ ገበሬ አገኘሁ። አያቱ ያንን ሜዳ በፈረስ ያቀና፣ አባቱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የዘመተ ሰው ነው። እኔም ሜዳ ላቀና የመጣሁ ዘማች ነኝ ስለው ሳቀና የእርሻውን አንድ ጥግ ለአንድ በጋ ፈቀደልኝ። ካልበቀለ ግን ለከርሞ ጥጉን መልሶ ካኖላ የሚሉትን የዘይት እህል ይዘራበታል። ቃላችን ይኸው ነበር።

መጀመሪያ የተጣላነው በማሽን ነው። ዎልተር ዘሩን በመዝሪያ ማሽኑ ልቅበርልህ አለ። ጤፍ ከተቀበረ ይሞታል አልኩት፤ ላዩ ላይ ይበተናል፣ መሬቱ ግን በከብት መረገጥ አለበት። እሱ ግን ከብቶቹን ከሸጠ ቆይቷል። ጎረቤቱን ብንጠይቅ፣ ላሞቼን ጭቃ ላይ ላመላልሳቸው ነው ወይ ብሎ ሳቀብን። ዎልተር እጁን ዘርግቶ አየኝ። ከብት ከሌለ ወታደር አለ አልኩት።

የጎረቤቴ ልጅ ሄለን እዚሁ የተወለደች ነርስ ነች። ለአበሻ ወጣቶቹ ቴክስት አድርጊልኝ አልኳት።

«ጋሼ፣ ሰው ሎንግ ዊክኤንዱን ትቶ ጭቃ ሊረግጥ አይመጣም። ላይክ፣ ኖባዲ።»

«ደቦ ነው በያቸው።»

«ደቦ ምንድነው ይሉኛል።»

«እንግዲያው ሥጋ ይጠበሳል በያቸው።»

መጡ። ከሳድል ሪጅም ከአቢዴል ሰፈርም፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ቦት ጫማ አድርገው መጡ። ዝናቡ ሌሊቱን ጥሎ ስለነበር መሬቱ እንደተመኘሁት ሆኖ ጠበቀን። ዘሩን በእጄ በተንኩ። ከዚያ ትከሻ ለትከሻ አሰለፍኳቸውና፣ ያን ሁሉ ዘመን የደበቅኩትን እግሬን ከፍ አድርጌ አንስቼ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ አልኩ። ሜዳው ተንቀጠቀጠ። ኮረዶቹ ዘፈን አወጡ። ዎልተር አጥሩ ላይ ተደግፎ ቆቡን አወለቀ።

ከመንገድ ያየን አንድ ሰው ደውሎ ኖሮ ፖሊስ መጣ። ረዥም፣ ወጣት፣ ከባድ ጫማ ያደረገ።

«አዛዡ ማነው፣ ሰር?»

«እኔ ነኝ።»

«የየትኛው ጦር?»

«ጦሩ ፈርሷል።»

«ታዲያ እነዚህ ምንድናቸው?»

«በሬዎች ናቸው» አልኩት።

ዎልተር መጥቶ፣ መሬቱን የፈቀድኩለት እኔ ነኝ፣ እህል እየዘራ ነው ብሎ አስረዳው። ፖሊሱ መሬቱን አየ፣ ዘሩን ፈለገ፣ ጤፍ ደግሞ ጭቃ ላይ አይታይም። እህል የቱ ነው እንደሚል ሰው ትንሽ ቆመና ወደ መኪናው ሊዞር ሲል ክንዱን ያዝኩት። ዙሪያውን አትሂድ፣ እባክህ በመሀሉ ረግጠህ ሂድልኝ አልኩት። ፈገግ ብሎ ረግጦ ሄደ።

ከዚያ ጭንቁ መጣ። ሜዳው ባዶ ነው። በየጠዋቱ ሄለን ታደርሰኛለች፣ በጉልበቴ ተንበርክኬ አያለሁ፣ ምንም የለም። ዎልተር ምንም አይለኝም፣ ዝምታው ግን ካኖላ ካኖላ ይሸታል። አንድ ጠዋት ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ስትመጣ፣ የሕፃን ራስ ፀጉር የመሰለ አረንጓዴ ሜዳውን ሸፍኖት አገኘሁት። ልጆቹ እየተሳሳቁ ሰልፉን ያላሉበት ቦታ ሳሳ ብሏል። ፖሊሱ የሄደበት መስመር ግን እስከ መንገዱ ድረስ ጥቅጥቅ ብሎ በቅሏል።

የበረዶ ጠጠሩ ሳይመታን አለፈ፣ ውርጩም ሳይመጣ ጤፉ ዘለላ አወጣ። ያኔ ከማሳው መሀል ቆሜ ለእትዬ ብርቄ በቪዲዮ ደወልኩላት። የጎረቤት ልጅ ስልኩን ያዘላት። ካሜራውን አዞርኩ። ስልኩን አቅርበው አለችና ጎንበስ ብላ አየች።

«ማን ረገጠው?» አለችኝ።

«እኔ ነኛ። በሰልፍ።»

እንደ መሳቅ ብላ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች። እሷና ባሏ በሬዎቻቸውን እንደሸጡ፣ ልጆቿም አዲስ አበባ እንደገቡ፣ የዘንድሮው ማሳዋ ሳይረገጥ ተዘርቶ ሳስቶ እንደበቀለ ነገረችኝ።

«አንተ» አለችኝ። «ያን አካሄድህን ይዘህ ና።»

መጣሁ የሚለው ቃል አፌ ላይ ደረሰ። ዎልተር ግን አጥሩ ጋ ቆሞ፣ ለከርሞ የትኛውን ጥግ እንደምጨምር እስክነግረው ይጠብቀኝ ነበር።