የመምህር ንጉሤ ላፕቶፕ

ባለፈው ሳምንት ቡራዩ ወዳለችው ሱቄ አንድ ወጣት የማይበራ ላፕቶፕ ይዞ መጣ። ከፍቼ ቦርዱን አጉሊ መነጽሩ ሥር ሳስገባው ከቻርጀር መሰኪያው አጠገብ የሌላ ሰው እጅ እንዳረፈበት አየሁ። አንድ ነጥብ ላይ መበየጃ ነክቶት ደብዝዟል፤ ዙሪያውም በደንብ አልተጠረገም። “ከእኔ በፊት ለሌላ ሰው ሰጥተኸው ነበር?” አልኩት። “አንድ ቦታ ሰጥቼ ነበር፤ ግን ሲመጣም ቦርዱ የሞተ ነው፣ አልነካነውም ብለው መለሱልኝ” አለ። ያየሁትን ነገርኩት። እሱ ከሄደ በኋላ ግን ሥራዬን መቀጠል አቃተኝ። ይህንኑ ውሸት፣ ቃል በቃል ማለት ይቻላል፣ እኔም አንድ ክረምት ዋሽቼዋለሁ።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከቴክኒክና ሙያ ተመርቄ ሰበታ፣ ከዋናው መንገድ ዳር ካለው የኦቦ ገመቹ ጥገና ቤት ከተቀጠርኩ ዓመት አልሞላኝም። ኦቦ ገመቹ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሲጠግኑ ያረጁ ሰው ናቸው። ላፕቶፕ መምጣት ሲጀምር ዓይናቸው እነዚያን ጥቃቅን ነገሮች አልለይ ስላላቸው እኔን ቀጠሩ። “እጇ አይንቀጠቀጥም” እያሉ ለደንበኛው ሁሉ ያወሩልኝ ነበር። ሙገሳው ያስደስተኛል፤ ግን ሰው ከኋላዬ ቆሞ ሲያየኝ እንደ ሸክም ይከብደኝ ነበር።

ሰበታ በክረምት ጭቃዋ ብዙ ነው። ከዓለም ገና በኩል የሚመጡት የጭነት መኪናዎች ውሃውን እስከ ደጃፋችን ይረጩታል፤ ጠዋት ጠዋት የመጀመሪያ ሥራዬ በሩን ማጠብ ነበር። መንገድ ማዶ በቆሎ የምትጠብስ ሴት ነበረች። ዝናብ ሲያባራ የከሰሉና የበቆሎው ሽታ ሱቃችንን ይሞላዋል። መምህር ንጉሤ የመጡትም እንዲህ ባለ ሰዓት ነው፤ ነጭ ዘንጋቸው ደረጃችንን ሲመታ ሰማሁት።

መምህር ንጉሤ ሰበታ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ ያስተምራሉ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ዓይነ ስውር ናቸው። ላፕቶፑን ከቦርሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ በጥንቃቄ አስቀመጡት።

“እስከ ትናንት ድረስ ያወራ ነበር፣ ልጄ። ዛሬ ዝም አለ።”

“ስክሪኑስ ይበራል?” ብዬ ጠየቅኩ፤ ወዲያው አፈርኩ።

ፈገግ አሉ። “እሱን እንኳ አንቺ ብትነግሪኝ ይሻላል።”

ላፕቶፑ ላይ የተጻፈውን ሁሉ ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም ተጭኖበታል። የመማሪያ መጻሕፍት የሚያዘጋጅ አንድ መሥሪያ ቤት ለቅጥር ፈተና ጠርቷቸው ነበር። የሚያነብ ኮምፒውተር ስለሌለን የራስዎን ይዘው ይምጡ ብለዋቸዋል። ፈተናው በሚቀጥለው ሳምንት ሰኞ ጠዋት ነው።

ችግሩን ለማግኘት አልተቸገርኩም። ቻርጀሩን ስሰካው የቻርጀሩ መብራት ይጠፋል፤ ይህ ማለት ቦርዱ ላይ አንድ ቦታ ሾርት አለ ማለት ነው። ቦርዱን አውጥቼ አልኮል ቀባሁትና ትንሽ ኃይል ሰጠሁት። የተበላሸው ቦታ ስለሚሞቅ አልኮሉ ከሌላው ሁሉ ቀድሞ እዚያ ላይ ይደርቃል። ከሰሊጥ ፍሬ የማትበልጥ አንዲት ካፓሲተር ዙሪያዋ ሲደርቅ አየሁ። እሷን ማንሳት ብቻ ነበር የቀረኝ። ኦቦ ገመቹ ሁለት ደንበኞች ይዘው ከኋላዬ ቆመዋል። “እዩዋት እንግዲህ” ይላሉ።

ሙቅ አየር ከመንፋቴ በፊት በዙሪያዋ ያሉትን ጥቃቅን ነገሮች በሙቀት መከላከያ ፕላስተር መሸፈን ነበረብኝ። አልሸፈንኩም፤ ቶሎ ጨርሼ መታየት ፈለግሁ። አየሩንም አበረታሁት። ካፓሲተሯን በወረንጦ ሳነሳ አጠገቧ የነበረች ሬዚስተር አብራ ተነቅላ በነፋሱ በረረች። በቦታዋ ሁለት የሚያብረቀርቁ ነጥቦች ብቻ ቀሩ።

ደንበኞቹ ሲሄዱ ጠረጴዛውን በእጄ ዳበስኩ፣ ወለሉን ጠርጌ ጥራጊውን በአጉሊ መነጽር አየሁት። የለችም። ቻርጀሩን ስሰካው አሁን መብራቱ አይጠፋም፤ ላፕቶፑ ግን አይነሳም። ይዞት የመጣው ብልሽት ድኗል፤ የቀረው የኔ ነው። የዚያ ቦርድ ንድፍ ስላልነበረን የጠፋችው ሬዚስተር ልኳ ስንት እንደሆነ ማወቅ አልቻልኩም።

“እንዴት ሆነ?” አሉኝ ኦቦ ገመቹ።

“ቦርዱ ሞቷል” አልኩ። ለምን እንዳልኩት ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። አይቆጡኝም ነበር። ግን እጇ አይንቀጠቀጥም የተባለላት ልጅ መሆኔን ማጣት አልፈለግሁም።

በማግስቱ መምህር ንጉሤ ሲመጡ ውሸቱን ደገምኩት። “ሲመጣም የሞተ ነው፣ መምህር። ፋይልዎ ግን ደህና ነው፤ ሃርድ ዲስኩ አልተነካም።”

“ፋይሉ መኖሩ ጥሩ ነው” አሉ። “ማን ያነብልኛል?”

ንዴት አልነበረበትም፤ እውነተኛ ጥያቄ ነበር። ላፕቶፑን ገልብጠው የሆዱን ብሎኖች በጣታቸው አንድ በአንድ ዳሰሱ።

“አንድ ብሎን ጎድሏል።”

ከሳህኑ ውስጥ ፈልጌ አሰርኩት፤ ሦስት ጊዜ ከእጄ ወደቀ። እሳቸው ግን ክረምቱን እህታቸው ዘንድ ሱሉልታ እንደሚያሳልፉ ነግረውኝ፣ ስልካቸውን አስመዝግበው፣ “ለፍተሻል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ” ብለውኝ ላፕቶፑን ይዘው ወጡ።

ምስጋናው ነው ያቃጠለኝ። ሁለት ቀን ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። በሦስተኛው ቀን ለኦቦ ገመቹ ሁሉንም ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ጠረጉት።

“ኢንተላ ኮ” አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። “ላፕቶፑ የኔ አይደለም። ለባለቤቱ ንገሪ።”

ዕለቱ ሐሙስ ነበር። ለመምህር ደውዬ የእህታቸውን ቤት ጠየቅኩና ከሰበታ አየር ጤና፣ ከዚያ አዲሱ ገበያ፣ ከዚያ የሱሉልታ ታክሲ ያዝኩ። ተራራውን ስንወጣ ጉሙ መስኮቱን ሸፈነው፤ የረጠበ የባሕር ዛፍ ሽታ ይገባል። ማዶ ስንወርድ ሜዳው ዓይን እስከሚደርስበት አረንጓዴ ነበር። መንገድ ዳር ወተት የሚያቀርቡ ሰዎች የወተት ዕቃቸውን ደርድረው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው መኪና ይጠብቃሉ። እንዲያ ያማረ አገር እያየሁ መመለስ ብቻ ነበር የምመኘው።

እህታቸው ትኩስ ወተት ሰጡኝ። ብርጭቆውን ይዤ ሳልጠጣ ተናገርኩ።

“መምህር፣ ቦርዱ ሲመጣ አልሞተም ነበር። እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ከዚያም ዋሸሁዎት።”

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። መምህር ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ።

“ብሎኑን ስታስሪ ደጋግመሽ ስትጥይው ሰማሁ” አሉ። “አንድ ነገር እንዳለ ገምቻለሁ። ልጠይቅሽ አስቤ ተውኩት።” ከዚያ “ይሠራል?” አሉኝ።

“ያጠፋኋትን አንዲት ትንሽ ዕቃ ምትክ ካገኘሁለት ይሠራል።”

“ውሰጂው እንግዲህ። እስከ ሰኞ አራት ቀን አለ።”

ቡራዩ ላይ ጀማል የሚባል የሞቱ ላፕቶፖችን እየፈታ ዕቃቸውን የሚሸጥ ሰው ነበር። ዓርብ ጠዋት ሄድኩበት። ጓሮው ውስጥ በማዳበሪያ ከረጢት የታጨቁ ቦርዶች አሉ። “እህቴ፣ የዚህ ዓይነት ገብቶ ያውቃል፤ የትኛው ከረጢት ውስጥ እንደሆነ ግን አላህ ነው የሚያውቀው” አለኝና በርጩማ ሰጠኝ። ዓርብን፣ ቅዳሜን፣ እሑድን እየተመላለስኩ አንድ በአንድ አገላበጥኩ። ጣቶቼ በቦርዶቹ ጠርዝ ተቦጫጨሩ። ሰኞ ጠዋት፣ ፈተናው በሚጀመርበት ሰዓት፣ ገና አራተኛው ከረጢት ላይ ነበርኩ።

ያገኘሁት ማክሰኞ ነው። ግማሹ የተቃጠለ ቦርድ ነበር፤ ያቺ ጥግ ግን ደህና ናት። እዚያው በጀማል መሣሪያ ሬዚስተሯን ዙሪያዋን ሸፍኜ፣ በዝግታ አንስቼ፣ ለክቼ፣ ባዶው ቦታ ላይ በየድኳት። ማብሪያውን ስጫን ላፕቶፑ ተነሳ፤ ትንሽ ቆይቶም ያ የማሽን ድምፅ ስክሪኑ ላይ ያለውን ማንበብ ጀመረ። ጀማል “ይናገራል እንዴ!” አለ። እኔ ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ።

ረቡዕ ሱሉልታ ወሰድኩት። መምህር ከፍተው ለጥቂት ጊዜ ሲያዳምጡ ጣታቸው ቁልፎቹ ላይ ይሮጥ ነበር። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርገው የሰኞውን ነገሩኝ። ያለ ላፕቶፕ ሄደው፣ ሰው ያንብብልኝ ብለው ጠይቀው፣ ደንቡ አይፈቅድም ተብለው ኮሪደር ላይ እስከ ምሳ ሰዓት ተቀምጠው ተመለሱ። ቦታውም በዚያው ቀን ከተፈተኑት ለአንዱ ይሰጣል ተብሏል።

“ይቅር በሉኝ” አልኳቸው።

“ገና ነኝ፣ ልጄ” አሉ። “እንዲሁ ይቅር ብዬሻለሁ ብልሽ እኔም መዋሸቴ ነው። ግን መጥተሽ ነገርሽኝ፤ እሱን አልረሳውም።”

ትምህርት ሲከፈት ሰበታ ተመለሱ። ኅዳር ላይ የቻርጀሩ ገመድ ሲላላባቸው ሱቃችን መጥተው በስሜ ጠሩኝ። ሥራዬን እስክጨርስ አጠገቤ ተቀምጠው ስለ ተማሪዎቻቸው አወሩልኝ። መጽሐፍ የማዘጋጀት ዕድል ግን ሁለተኛ አልገጠማቸውም፤ ሲያስተምሩ ቆይተው ጡረታ ወጡ።

እኔም አርባን አልፌያለሁ። ከእጄ ስህተት ሲያመልጥ ወለሉን ከመጥረጌ በፊት ለባለቤቱ እደውላለሁ። በዚህ ምክንያት የራቁኝ ደንበኞች አሉ፤ አልፈርድባቸውም። ሰው ስለ ሐቀኝነቴ ሲያመሰግነኝ ግን ቶሎ ወሬ እቀይራለሁ፤ በማን ኪሳራ እንደተማርኩት አውቃለሁና። በየእንቁጣጣሹ ለመምህር እደውላለሁ። ስሜን ሳልናገር ያውቁኛል። ስለ ዝናቡ፣ ስለ እህታቸው ጤና፣ ስለ ሱሉልታ አዳዲስ ቤቶች እናወራለን። ይቅር ብለውኝ እንደሆነ ጠይቄያቸው አላውቅም። ሲመጣላቸው ይነግሩኛል፤ ካልመጣላቸውም መደወሌን አልተውም።