በስልክ እንጨት ላይ የተሰቀለው ቀፎ

ባለፈው ሳምንት የስልክ ማማ ሊጠግን ሰቆጣ የመጣ አንድ ወጣት መሐንዲስ ሱቄ ደጃፍ ሻይ እየጠጣ ስለ ሥራው አጫወተኝ። ማማው ላይ ባለው የማይክሮዌቭ መገናኛ መሣሪያ ውስጥ መልእክቱ በሁለት መንገድ፣ አንዱ የሌላው ተቃራኒ ሆኖ ይሄዳል አለ። ከውጭ የመጣ ጩኸት ሁለቱን እኩል ከነካቸው፣ መሣሪያው የሚወስደው ልዩነታቸውን ብቻ ስለሆነ ጩኸቱ ይጠፋል። ትምህርቴ ከገበያ ስለማያልፍ የሚገባኝ አልመሰለውም። እኔ ግን ይህንኑ ነገር በደርግ ጊዜ፣ እጁ በገመድ ከታሰረ ሰው ሰምቼዋለሁ።

ያኔ ወጣት ማር ነጋዴ ነበርኩ። ክረምቱ ወጥቶ አደይ ሲፈነዳ የሰቆጣ ስልክ እንደ ወፍጮ ያጓራ ጀመር። የአውራጃው አስተዳዳሪ፣ ወንበዴ ጠልፎታል ብሎ የስልክ ቴክኒሻኑን ጋሼ ፍሥሐን በአሻጥር አሰረው። የአሻጥር ክስ የት እንደሚያደርስ በዚያ ዘመን ሕፃን ያውቃል። ጋሼ ፍሥሐ መስመሩን በእግሩ ለማየት አንድ ቀን ለመነ። አንድ ታጣቂ ተመደበበት፤ እኔም ዕቃውን በበቅሎዬ ጭኜ እንድከተል ታዘዝኩ። ያኔ በቅሎ ያለው ሁሉ ፈቃደኛ ይባል ነበር።

የደሃናን መንገድ ይዘን፣ ቆሎ እየቆረጠምን በጭቃው ሄድን።

"ሽቦዎቹ ሁለት ናቸው" አለን ጋሼ ፍሥሐ። "ሁከቱ ሁለቱንም እኩል ሲነካ ጆሮ አይሰማውም። አንዱ ብቻ ሲነካ ነው የሚያጓራው። ሁለቱ የተለያዩበትን ቦታ ፈልጉልኝ።"

ከቀትር በኋላ ከሩቅ አየሁት። ከስልክ እንጨት ጫፍ ላይ ቀፎ ተሰቅሏል፤ ማሰሪያው አንደኛውን መስመር ነክቶ በእርጥቡ እንጨት ላይ ተጠምጥሟል። ማሰሪያው ከእኔ ሱቅ የወጣ ጥቁር ሽቦ ነው። ማር ለሚያቀርብልኝ ደንበኛዬ ለአያ ገብሬ ሰጥቼ፣ ንቡ እንዲገባ ከፍ አድርገው ይስቀሉት ያልኩ እኔው ነኝ። ያለፉት ዓመታት ድርቅ ዛፍ እንዳላስተረፈ፣ በዚያ ሜዳ ከስልክ እንጨት በቀር ከፍ ያለ ነገር እንደሌለ አላሰብኩም።

ታጣቂው የማን ቀፎ ነው ሲል የበቅሎዬን ጆሮ አጥብቄ መመርመር ያዝኩ።

አያ ገብሬ ከማሳው እየሮጠ ደረሰ፤ አገውኛ የሚጫነው አማርኛው በደስታ ተደበላልቆበታል። "ሰይድ፣ እንዳልከኝ ሰቀልኩት፤ ንቡ ገባ እኮ" አለኝ።

ጠመንጃው ከጋሼ ፍሥሐ ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ በኋላ ላለው ጥቂት ጊዜ የማስታውሰው የአፈሙዙን ቀዳዳ ብቻ ነው።

ጋሼ ፍሥሐ እጄን ፍታልኝ ብሎ ታጣቂውን ጠየቀና እንጨቱ ላይ ወጣ። ንብ የገባበት ቀፎ በጠራራ ፀሐይ አይወርድም። ስለዚህ ከዚያው ጥቁር ሽቦ ቆርጦ፣ ንቡ ፊቱን እየነደፈው፣ ሁለተኛውንም መስመር ልክ እንደ መጀመሪያው ከእንጨቱ ጋር አገናኘው። ከላይ ሆኖ በመሞከሪያ ስልኩ አስተዳዳሪውን አስጠራ። ሁለቱ ሽቦዎች እኩል አልነበሩም፣ አሁን እኩል ናቸው፣ የማንም እጅ የለበትም አለው። ከዚያ ወርዶ ስልኩን ለታጣቂው አቀበለ፤ የአስተዳዳሪው ድምፅ ጥርት ብሎ፣ ሰውየውን ወደ ሥራው መልሰው ሲል እኔም ሰማሁ።

ታጣቂው እኔን አየ፣ ቀፎውን አየ። "ማሩ መቼ ይደርሳል?" አለ አያ ገብሬን።

ስንመለስ ጋሼ ፍሥሐ ፊቱ አብጦ አንድ ዓይኑ ተዘግቶ ነበር።

"ከሩቅ አውቀኸዋል አይደል?" አለኝ።

"አዎ፣ ጋሼ።"

"እኔም አንተን ሳይህ ነበር" አለና መንገዱን ቀጠለ።

መሐንዲሱ ገባዎት ወይ ሲለኝ፣ ገብቶኛል አልኩት። ጠመንጃውን እንኳ ረስቼዋለሁ ማለት ይቻላል። እስካሁን የሚያስደነግጠኝ፣ ጋሼ ፍሥሐ እሱ ታስሮ እኔ ዝም ማለቴን እያወቀ፣ እኔን ለማዳን ወደ ንቡ መውጣቱ ነው።