ሰውዬው የማያየው ትዕይንት

በሕንድ፣ በማንጋሎር ወደብ አጠገብ ባለው ሲኒማ ቤት በር ላይ ትኬት የምትቆርጠው ቫናጃ የሰውዬውን ስም አታውቅም። የከሰዓቱን ፊልም ለማየት በየቀኑ ይመጣል። ነጭ ሽርጡ ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው። በዚያ ሁሉ ሙቀት የሸሚዙን አንገት እስከ ላይ ይቆልፋል፤ ከጆሮው ሥር የሚጀምረው ጠባሳ ግን አልደበቅ ብሎታል። ቤተ መቅደስ የሚገባ ይመስል ነጠላ ጫማውን በር ላይ ያወልቃል።

ፊልሙ አብረው ስላደጉ ሁለት ወሮበሎች ነው። አንዱ ሰው ገድሎ እንደ አጥፊው አምላክ እንደ ሺቫ ይጨፍራል፤ ሌላው እንደ ጠባቂው አምላክ እንደ ቪሽኑ ረጋ ብሎ ፈገግ ይላል። መጨረሻ ላይ ረጋ ያለው ጓደኛውን ያስገድለዋል። ፊልሙ እዚያ ሲደርስ ሰውዬው ወጥቶ ቫናጃ አጠገብ ይቆማል።

«ጨረሱት?» ይላታል።

«ገና ናቸው።»

አንድ ቀን ጀርባውን ለአዳራሹ በር ሰጥቶ ሲቆም አየችና ልታጽናናው ፈለገች።

«ፊልም እኮ ነው አጎቴ! የሞተውን ልጅ ትናንት በቴሌቪዥን የሻምፑ ማስታወቂያ ሲሠራ አይቼዋለሁ።»

ሰውዬው ከጆሮው ሥር ያለውን ጠባሳ በጣቱ ነካ።

«አዎ» አላት፣ «እሱስ ተርፏል።»

ቫናጃ ሌላ ነገር ሳትጠይቀው ተነሥታ ወንበሯን ለቀቀችለት።