ቡሬዎች ሁሉ የሞቱ ዕለት

ላሜ ማገጥ የሚሉትን እርጥብ ሣር በልታ ሆዷ ተነፍቶ ሞተችብኝ። በማግስቱ ከጆሮዋ የተንጠለጠለውን ቢጫ ቁጥሯን ቆርጬ፣ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ፣ በባጃጅ ወረታ ገባሁ። ልጄ የከብት መዝገብ ከሚያዝበት ቢሮ ከተቀጠረች ገና ናት፤ የሙከራ ጊዜዋን እንኳ አልጨረሰችም። የሞተ ከብት ካልተነገረ ክትባት ሲመጣ ይፈለጋል፤ ለዚያ ነው የሄድሁ።

እኔ ፊደል ቆጥሬ ስሜን ከማንበብ አላለፍሁም። ኮምፒውተሩን ግን ልጄ አስረድታኛለች። ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ሠንጠረዥ ነው፤ ከብቱ በየመስመሩ ተደርድሮ ይታያል፣ የፈለጉትን መስመር ነክተው ያስተካክላሉ። ሌላው በእጅ የሚጻፍ ትእዛዝ ነው፤ "እንዲህ ያለችውን ላም እንዲህ አድርግ" ብለው ይጽፉለታል፣ እሱ ፈልጎ ይፈጽማል። አጠገቧ የምትቀመጥ ባልደረባዋ በሠንጠረዡ ትሠራለች። የኔዋ ትእዛዝ መጻፍ ትወዳለች።

"ባይንሽ እያየሽ ብትሠሪ ምን አለበት?" አልኋት።

"እማ፣ እያዩም ይሳሳታሉ። ያችን ጠይቂያት፤ ጣቷ አዳልጧት የሰው በሬ ጊደር አድርጋለች።"

"አንቺ ደሞ እኔን ሳታነሺ አትውይም!" አለች ባልደረባዋ እየሳቀች።

የላሟን ሞት ስነግራት ግን የልጄ ዐይን እንባ አቀረረ። ጥጃ ሳለች ታስራት የነበረች እሷ ናት። ዐይኗን ጠረግ አድርጋ ጻፈች፣ ጻፈችና መፈጸሚያውን ነካችው። ወዲያው ፊቷ ዐመድ መሰለ።

"ከመቶ በላይ ይላል" አለች።

"ምኑ?"

"የሞቱት።"

በኛ አገር ከብት በቀለሙ ነው የሚጠራ። ላማችንም ነጭና ጥቁር የተዥጎረጎረች ቡሬ ናት፤ ሌላ ስም የላትም። ልጄ የጆሮ ቁጥሯን አልጠየቀችኝም፤ የቤቱን ላም ማን ቁጥር ይጠይቃል? "ቀለሟ ቡሬ የሆነችው ሞታለች" ብላ ጻፈች። የፎገራ ሜዳ ደግሞ ቡሬ የሞላበት ነው። በመዝገቡ ያለ ቡሬ ሁሉ ባንድ ጊዜ ሞተ።

ልጄ ስትባረር፣ አገር ሙሉ ሰው ሲረግማት ታየኝ። ይባስ ብሎ መዝገቡ ሲለወጥ ለባለከብቱ ስልክ መልእክት ይሄዳል።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ቄስ ስልካቸውን ወደ ላይ ይዘው ገቡ። ለጉዳይ ከተማ ውለው ኖሯል።

"ላምዎ ሞታለች ይለኛል ይኼ። እኔ ስትታለብ አይቻት ነው የመጣሁ! ፍታት ሳይደርስላት ማን ቀበራት?"

ተነሥቼ መስቀል ተሳለምሁ። "አባ፣ ይማሯት፤ ልጄ ናት።"

"ምን አጠፋች?"

"የሜዳውን ቡሬ ሁሉ ገደለችው።"

አባ ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ፊታቸው ላይ እንዳለ ቀዘቀዘ። "ክትባቱስ? ሞቷል ተብሎ ሊዘለልብን አይደል!"

"በሠንጠረዡ አንድ ባንድ እናንሣቸው፤ ቢመሽም ይምሽ" አለች ባልደረባዋ።

"አንዱን ብንዘለው እንደሞተ ይቀራል" አለች ልጄ።

"እንግዲያው ቡሬው ሁሉ በሕይወት አለ በይው" አለች ባልደረባዋ።

"ዱሮ የሞተውስ? እሱም አብሮ ሊነሣ ነው?" አለች ልጄ፤ እጇንም ወደ ፊደሎቹ ዘረጋች።

"ዳግመኛ ልትጽፊ ነው? ያ ጣትሽ ይረፍ!" ብዬ ጮኽሁባት። ባልደረባዋ እንኳ ደነገጠች።

"እማ፣ አሁን አልለውጥም። መጀመሪያ አሳየኝ ነው የምለው።"

ቡሬ ሆነው ዛሬ የተለወጡትን ብቻ አሳየኝ ብላ ጻፈች። ተደርድረው መጡ። አባ መነጽራቸውን አድርገው "ይችውልሽ የኔ!" አሉ። ስወርድ ስወርድ የኔንም ስም ለቅሜ አነበብሁት። ከዚያ በኋላ ነው እነዚያኑ የሚመልሰውን ትእዛዝ የጻፈች። መፈጸሚያውንም ነካችው። ሁሉም ተነሡ፤ የኔዋም አብራ ተነሣች።

ልጄ ወደ ኃላፊው በር ስትሄድ ቀሚሷን ያዝሁት። "ተመልሷል እኮ፣ አትንገሪው።"

"መልእክቱ ደርሷቸዋል እማ፤ ከኔ ይስማው" ብላ ገባች።

ድምፁ ከግድግዳው ወዲህ ይሰማኝ ነበር። እመቤቴን እየለመንሁ ቆየሁ። ስትወጣ ከንፈሯ ደርቋል።

"አባረረሽ?"

"አላባረረኝም። የሙከራ ጊዜዬን አራዘመው። ሁለተኛ ሳላይ ብጽፍ ግን በሩን አሳይቶኛል።" ተቀመጠች። "የኛዋ አሁንም በሕይወት ናት፤ ቁጥሯን አምጭ።"

የነጠላዬን ቋጠሮ እሷ ፈታችው። በሠንጠረዡ መስመሯን አገኘችው። ቢጫዋን ቁጥር ከኮምፒውተሩ መስታወት አስጠግቼ አሃዝ ባሃዝ አመሳከርሁ። "ናት" አልኋት፤ ነካችው።

አባ ለካ አልሄዱም።

"ያንቺዋስ የእውነት ነው የሞተች" አሉኝ። "እግዜር ይተካልሽ፣ ልጄ።"

ለላሜ ያለቀስሁ ያን ጊዜ ነው።