የግሉኮስ ፋብሪካው ጥንቸሎች

ጭሮ በሚገኘው የግሉኮስ ፋብሪካ ሥራ የጀመርኩ ዕለት አንድ ነጭ ጋዋን፣ አንድ ቴርሞሜትርና ሃያ አራት ጥንቸሎች ፈርሜ ተረከብኩ። ጥንቸሎቹ በንብረት መረከቢያው ቅጽ ላይ ከወንበሩ ቀጥሎ ነበር የተጻፉት።

ከዚያ በፊት በበደሳ ዙሪያ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ለብዙ ዓመት የእንስሳት ጤና ረዳት ነበርኩ። ሕዝቡ ዶክተር ይለኛል፤ ዶክተር አይደለሁም። ከብት፣ ፍየል፣ ግመልም ጭምር ከትቤያለሁ። ጥንቸል ግን ነክቼ አላውቅም። ይህንኑ ለጥራት ክፍል ኃላፊዋ ለሃና ነገርኳት። ከጅማ የመጣች ፋርማሲስት ናት፤ ዕድሜዋ ከትልቋ ልጄ ጋር እኩል ነው።

"ግመል የወጋ ሰው ጥንቸል አያቅተውም፣ ጋሼ ታደሰ" አለችኝ።

"ጥንቸል ይራገጣል?"

"ይራገጣል። ግን ትንሽ ነው።"

ሰው ግሉኮስ የሚለው በደም ሥር የሚሰጠውን ፈሳሽ ሁሉ ነው። ፈሳሹ ሲመረት ጀርሙ በሙቀት ይሞታል፤ የሞተው ጀርም ርዝራዥ ግን ውስጡ ከቀረ በሽተኛውን በትኩሳት ያንቀጠቅጠዋል። በዓይን አይታይም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ምርት ናሙና ወስደን፣ አሙቀን፣ ሦስት ጥንቸሎችን በጆሯቸው ደም ሥር እንወጋለን። ከዚያ ለሦስት ሰዓት በየሠላሳ ደቂቃው ሙቀታቸውን እንለካለን። ቴርሞሜትሩ የሚገባው በአፍ አይደለም። የአንዳቸውም ሙቀት ግማሽ ዲግሪ ካልጨመረ ምርቱ ያልፋል። ከጨመረ አምስት ሌሎች ይወጋሉ፤ ከስምንቱ ከሦስት በላይ ከሞቁ ምርቱ ይታገዳል።

ረዳቴ ጀማል የጭሮ ሰው ነው። ቀድሞ ጫት ጭኖ ድሬዳዋ የሚያመላልስ ሾፌር ነበር። ጥንቸሎቹ ሲደነግጡ ጀርባቸውን እያሻሸ "ሱታ፣ ሱታ" ይላቸዋል፤ ቀስ፣ ቀስ ማለቱ ነው። እሱ በሌለበት ቀን ሙቀታቸው ከወትሮው ትንሽ ከፍ ይላል። ይህን መዝግቤ ለሃና አሳየኋት። በጥሞና አነበበችውና "ጀማል የዓመት ፈቃድ እንዳይወጣ" አለች።

ካሮትና ጎመኑን ከገበያ የምንገዛው እኛው ነበርን። አንድ ቀን የባጃጅ ሾፌር ጆንያውን አየና "ዶክተር፣ ይሄን ሁሉ ማን ነው የሚበላው?" አለኝ።

"ጥንቸል።"

"ጥንቸሉንስ?"

"ማንም።"

ትንሽ ነዳና "ታዲያ ምን ያደርግላችኋል?" አለ።

"ሙቀቱን እንለካለን።"



በሁለተኛው ዓመት ከአጥራችን ቀጥሎ የሲሪንጅ ፋብሪካ መሠረት መቆፈር ተጀመረ። ከመንገዱ ማዶ ደግሞ የፋሻ ፋብሪካ መጋዘን ቆመ። ባለሥልጣናት እንግዳ ሲያመጡ "የመድኃኒት ማምረቻ ማዕከላችን" ይሉ ጀመር። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ፍቃዱ እንግዶቹን በማሽኖቹ በኩል ያዞሯቸዋል። በጥንቸል ቤት በኩል አያሳልፏቸውም።

ልነግራችሁ የፈለግኩት ነገር የደረሰው በዚያ ቁፋሮ ወቅት ነው። ከበዓል እረፍት በተመለስን ሰሞን የተመረተውን ፈሳሽ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ወጋን። አምስት ሰዓት ሳይሞላ የሁለቱ ጥንቸሎች ሙቀት ከግማሽ ዲግሪ በላይ ጨመረ።

አቶ ፍቃዱ ሰምተው ራሳቸው መጡ። ከአጥሩ ማዶ ድንጋይ መስበሪያው ይጮኻል።

"ይኸው!" አሉ። "ቁፋሮው አስደንግጧቸው ነው።"

ሊሆን ይችላል። የደነገጠ እንስሳ ይሞቃል። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ አምስት ሌሎች ጥንቸሎችን በዚያው ምርት ወጋን። ከጎናቸው ሦስት ጥንቸሎች አስቀምጠን ደግሞ ቀድሞ ካለፈ ምርት ያስቀረነውን ናሙና ወጋናቸው። ቤቱ አንድ፣ ጩኸቱም አንድ ነው።

በዚህ መሃል በሩ ላይ የአንድ ጤና ጣቢያ ፒክአፕ ቆሞ ነበር። ነርሷ ሲስተር አያንቱ ከቆላ ወረዳ ነው የመጣችው፤ እዚያ ተቅማጥና ትውከት በዝቷል። የምትወስደው ይህንኑ ምርት ነበር። መጠበቅ ሲሰለቻት እኔ ዘንድ መጣች።

"ዶክተር፣ ስንት ሰው እንደተኛብኝ ያውቃሉ? በአፍ የሰጠናቸውን ሁሉ ያስመልሱታል።"

"ፈሳሹ ትኩሳት ሊያመጣ ይችላል፣ ሲስተር።"

"ትኩሳቱን እኔ እችለዋለሁ። ድርቀቱን ነው የማልችለው።"

 ሃና መጥታ "የተዳከመ ሰው ይህን ከወሰደ በትኩሳቱ ሊሞትብሽ ይችላል" አለቻት። ከቀድሞው ምርት መጋዘን ውስጥ የቀረችውን ጥቂት ካርቶን አስጫነችላት። አይበቃም። ሲስተር አያንቱ ቀሪውን ፍለጋ ወደ ድሬዳዋ ሄደች። ፒክአፑ ከግቢው ሲወጣ ቴርሞሜትሩን ይዤ ቆሜ አየሁት። 

አሥር ሰዓት ላይ ከአምስቱ አራቱ ሞቀዋል። ያለፈውን ምርት ከተወጉት ከሦስቱ አንዱም አልሞቀም።

አቶ ፍቃዱ በሩን ዘጉ። "አቶ ታደሰ፣ ጥንቸሎቹ በጩኸት ተረብሸው ነበር ብለው ይጻፉ። ውሸት አይደለም፤ ጩኸት አለ።"

"አለ። ያለፈውን ምርት የተወጉት ሦስቱም ሰምተውታል፤ አልሞቁም።"

ወደ ጀማል ዞሩ። "አንተ ታውቃቸዋለህ። ደንግጠዋል ወይስ አልደነገጡም?"

"ዋላሂ፣ የመጀመሪያው ሳምንት ደንግጠዋል" አለ ጀማል። "ከዚያ ለመዱት። አሁን የሚደነግጡት ቁፋሮው ዝም ሲል ነው።"

አቶ ፍቃዱ ጥንቸሎቹን አዩአቸው። ጥንቸሎቹ ጎመን ይበላሉ። ቁጥሩን እንዳለ ጻፍኩ። ሃና "አያልፍም" ብላ ፈረመች። አቶ ፍቃዱ ለሳምንታት ሰላምታ አልሰጡኝም።

ምክንያቱ በማግስቱ ተገኘ። በበዓሉ መብራት ጠፍቶ የተጣራው ውሃ ታንክ ውስጥ ሳይሞቅ ሦስት ቀን ቆይቶ ጀርም አፍርቷል። ሥራ ሲጀመር ታንኩ መታጠብ ነበረበት። አልታጠበም። መዝገቡ ላይ ግን "ታጥቧል" የሚል ፊርማ አለ። እኔና ጀማል ከሠራተኞቹ ጋር ሆነን የታገደውን ፈሳሽ ከረጢቶች በምላጭ እየቀደድን ሁለት ቀን ሙሉ ስንደፋ ዋልን።

ከወራት በኋላ ሲስተር አያንቱን መናኸሪያ አገኘኋት። ያን ቀን የሞተ ሰው እንዳለ ጠየቅኳት።

"አንድ ሽማግሌ" አለችኝ። "ከድሬዳዋ ሳልመለስ።"

"የእኛን ብትወስጂ ኖሮ ይተርፉ ነበር?"

"አላውቅም፣ ዶክተር። እርስዎም አያውቁም።" አውቶቡሷ ሊነሳ ነበር፤ እጄን ጨብጣኝ ገባች።

ጡረታ ከመውጣቴ በፊት ከውጭ የሚመጣ የብልቃጥ መመርመሪያ ተጀመረ። ናሙናው ብልቃጥ ውስጥ ይጨመራል፤ ከረጋ ምርቱ አያልፍም። ካሮት አይበላም። ያልተወጉትን ጥንቸሎች ጀማል ፈርሞ ወደ ቤቱ ወሰዳቸው። ሚስቱ ለሁለት ቀን አላናገረችውም።

አሁን በሲሪንጁም በፋሻውም ፋብሪካ ብዙ ወጣቶች ይሠራሉ፤ ሲያገኙኝ ስለዚያ ቀን ይጠይቁኛል፤ ጎበዝ ነበሩም ይሉኛል። ዛሬ ቢደርስብኝም ያንኑ ቁጥር እጽፋለሁ። ምርቱ የታገደው ግን ታንኩ ስላልታጠበ ነው። ሲስተር አያንቱ ድሬዳዋ ድረስ የሄደችውም፣ ሽማግሌው የጠበቁትም ለዚያ ነው። ታንክ ሳታጥቡ ታጥቧል ብላችሁ አትፈርሙ።