ከመጨረሻው ገጽ የሚያነቡት ሴትዮ

ኮምፒውተሩን ከአዲሱ የዲስክ መቆጣጠሪያ ጋር የሚያነጋግረውን ድራይቨር የሚባል ፕሮግራም ጽፌ በጨረስኩበት ሰሞን፣ ሥራዬን የሚገመግሙ አንዲት ሴትዮ ከሌላ ክፍል መጡ። ግራጫ ሹራባቸው ክርኑ ላይ ተጥፏል፤ መነጽራቸው በጥቁር ክር ደረታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ኮዱን በወረቀት አትመው ይዘዋል። ማንበብ የጀመሩት ግን ከመጨረሻው ገጽ፣ ስህተት ሲፈጠር ከሚሠራው ክፍል ነበር።

«እትዬ፣ መጀመሪያው በዚህ በኩል ነው» አልኳቸው።

«በደህና ቀን የሚሠራውንማ አንተም አይተኸዋል» አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ።

የስድስት ወር ልፋቴ ያለ እርሳቸው ፊርማ ከመሳቢያ አይወጣም። ጣታቸው አንድ መስመር ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ይሄ ልጅህ አፉ ከእጁ ይቀድማል። ዲስኩ መረጃውን መያዙን ሳይጠይቅ ‹ተጽፏል› ይላል።»

«ከጠየቀ ይዘገያል እኮ፣ እትዬ።»

«ይዘግያ። መሐል ላይ መብራት ቢጠፋስ? ባለቤቱ ተቀምጦልኛል ብሎ እንቅልፉን ይተኛል።» መነጽራቸውን አውልቀው በሹራባቸው ጫፍ ወለወሉት። «እኔም ተኝቼ ነበር።»

ምን እንደጠፋባቸው ለመጠየቅ አልደፈርኩም። መስመሩን አርሜ ስመለስ መሞከሪያውን ማሽን አስነሡ፤ መጻፍ እንደጀመረም «በል፣ የመብራት ገመዱን ራስህ ንቀለው» አሉኝ። ነቀልኩት። ማሽኑ ተመልሶ ሲነሣ፣ ተጽፏል ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ እያነበቡ አመሳከሩ። አንዱም አልጎደለም። የብዕራቸውን ክዳን የከፈቱት ያን ጊዜ ነው።